በሳምንት አንድ የባንክ ካርድ እንበላለን? ስለ ማይክሮፕላስቲክ፣ ስለ ሰውነታችንና ስለ ሚዛኑ

“የሰው ልጅ በየሳምንቱ አንድ የባንክ ካርድ የሚያህል ፕላስቲክ ይበላል” የምትለዋን አባባል ያልሰማ ከመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። በቴሌግራም ትመጣለች፣ በቴሌቪዥን ትደገማለች፤ በቅርቡ ደግሞ ለቅሶ ልንደርስ በሄድንበት ቤት አንድ የተከበሩ ሰው ሲናገሯት ሰማሁ። በዙሪያቸው ከተቀመጥነው ግማሹ ከንፈሩን መጠጠ፤ ግማሹ “ፈረንጅ ደግሞ የማይለው የለም” ብሎ አለፈው። እኔን ያሳሰበኝ ሁለቱም ወገን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አለመጠየቁ ነው።

በሙያዬ የውሃ ማጣሪያ መሐንዲስ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለሆነም ፕላስቲክ ይህን በሽታ ያመጣል፣ ያንን አያመጣም ብዬ ፍርድ ለመስጠት አልደፍርም። የሥራዬ ትልቁ ክፍል ግን በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ያለውን ዓይን የማያየውን ነገር መለካት፣ ከዚያም የለካሁትን መጠራጠር ነው። ስለ ማይክሮፕላስቲክ የሚነገረውን ለማመንም ሆነ ላለማመን መንገዱ በዚህ በኩል ነው የሚል እምነት ስላለኝ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

የባንክ ካርዷ ታሪክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ደብሊው ደብሊው ኤፍ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በአውስትራሊያ የሚገኘውን የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ አስጠንቶ ባወጣው ዘገባ፣ አንድ ሰው በሳምንት እስከ 5 ግራም ፕላስቲክ ወደ ሰውነቱ ሊያስገባ ይችላል አለ። የአጥኚዎቹ ግምት ግን በ0.1 እና በ5 ግራም መካከል ነበር፤ ዓለምን የዞረው ጣሪያው ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኔዘርላንድስ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓሣ፣ በጨው፣ በወተት፣ በቢራ፣ በመጠጥ ውሃና በአየር ውስጥ የተገኘውን ደምረው ሲያሰሉ ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 583 ናኖግራም አካባቢ አገኙ። ይህም በሳምንት አራት ማይክሮግራም፣ ማለትም የአንድ ግራም አራት ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። እኔም እርሳስ አንስቼ አካፈልኩት፤ በዚህ ፍጥነት አንዷን ካርድ በልቶ ለመጨረስ ከ23 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል! በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ሁለት መሐንዲሶች አንድ ድልድይ በሚችለው ጭነት ላይ በሚሊዮን እጥፍ ቢለያዩ ድልድዩን የሚሻገር ሰው አይገኝም።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ ተረት ነው ማለት ነው? አይደለም። የዋገኒንገኖቹ ስሌት የሚያካትተው ከምንበላው የተወሰነውን ብቻ ሲሆን፣ መጠናቸው ከአንድ ማይክሮሜትር በታች የሆኑትን ብናኞች አይቆጥርም። ወደ ደም ዘልቆ ለመግባት የሚቀላቸው ደግሞ እነዚያው ያልተቆጠሩት ናቸው። በዚያ ላይ ክብደት ብቻውን ያሳስታል። አንድን የጨው አሞሌ ብንፈጨው ክብደቱ ያው ነው፤ ከውጭ ካለው ነገር ጋር የሚነካካው ገጹ ግን በብዙ ሺህ እጥፍ ይሰፋል። ሰውነታችን የሚገናኘው ከገጹ ጋር ነው እንጂ ከክብደቱ ጋር አይደለም።

ለመሆኑ ይህ ብናኝ ምንድን ነው? ፕላስቲክ በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተያያዙ ትንንሽ ሞለኪውሎች የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። እንጨት ሲወድቅ ምስጥና ሻጋታ ይበሉታል፤ ቆዳም ሆነ ጥጥ ውሎ አድሮ አፈር ይሆናል። የፕላስቲክን ሰንሰለት ግን በተፈጥሮ ውስጥ የሚበጥስ ተሕዋሲ የለም ማለት ይቻላል፤ ካለም ሥራው እጅግ አዝጋሚ ነው። ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይፈረፈራል። ይደቅቃል እንጂ አይጠፋም። ከአምስት ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ቁራጭ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ስሙ በሰፊው የታወቀው በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ቶምሰንና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባወጡት ጥናት ነው። ከማይክሮሜትር፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ በታች የወረደው ደግሞ ናኖፕላስቲክ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የሰው ጸጉር ውፍረት ሰባ ማይክሮሜትር ገደማ፣ ቀይ የደም ሴል ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ማይክሮሜትር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 ዓለም በዓመት ሁለት ሚሊዮን ቶን ፕላስቲክ ታመርት ነበር። ዛሬ ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ታመርታለች። በ2017 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት እስከ 2015 ድረስ 8.3 ቢሊዮን ቶን እንደተመረተና ከቆሻሻው ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ብቻ እንደሆነ አስልቷል። የቀረው በአብዛኛው አሁንም ከእኛ ጋር ነው፤ በየቦታው እየተፈረፈረ።

ብዙ ሰው ማይክሮፕላስቲክ ሲባል የሚታየው ፌስታልና “ሃይላንድ” ነው። ከዋነኞቹ ምንጮች አንዱ ግን የመኪና ጎማ ሲሆን ሌላው ልብሳችን ነው። ጎማ ዛሬ በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ሰው ሠራሽ ላስቲክ ነው፤ ፍሬን በያዝን ቁጥር ጥቂት በጥቂት መንገዱ ላይ ይቀራል። (አሮጌው ጎማ በሀገራችን በረባሶ ሆኖ ሁለተኛ ዕድሜ ማግኘቱ ብልሃት ነው፤ መፍጨቱን ግን አይተውም።) ሲያትል አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች ታሪኩን ሳትሰሙት አትቀሩም። እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ከተማ ጅረቶች የሚመለሱት ኮሆ የተባሉት የሳልመን ዓሦች ከዝናብ በኋላ በጅምላ ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ ለዓመታት ሲፈለግ ቆይቶ በ2020 መጨረሻ በዋሽንግተን ግዛት ተመራማሪዎች ተገኘ፤ ጎማው ቶሎ እንዳይሰነጠቅ የሚጨመርበት ኬሚካል ከአየር ውስጥ ኦዞን ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው መርዝ ነበር። ልብስን በተመለከተ፣ ፖሊስተር በታጠበ ቁጥር ክር ያራግፋል። በየበዓሉ የምናየው፣ ጥለቱ በማሽን የታተመ የሽፎን “የሀበሻ ቀሚስ”ም ከዚሁ ወገን ነው። የሸማኔው ጥጥ ውድ ነው ብለን ስንተወው ይህንን በሂሳባችን ውስጥ አላስገባነውም።

አሁን ወደ ሰውነታችን ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2018 የቪየና ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስምንት ሀገሮች የመጡ ስምንት ሰዎችን ዓይነ ምድር መርምረው በስምንቱም ውስጥ ፕላስቲክ ማግኘታቸውን ገለጹ። ይህ ብዙ አያስደንቅም፤ የገባው ወጣ ማለት ነው። በ2020 መጨረሻ ግን በሮም የስድስት እናቶች የእንግዴ ልጅ ተመርምሮ በአራቱ ውስጥ ብናኞች ተገኙ። በ2022 በአምስተርዳም ደም ከለገሱ 22 ሰዎች በ17ቱ ደም ውስጥ የውሃ ጠርሙስና የፌስታል ፕላስቲክ ተለካ። እዚህ ላይ የነገሩ መልክ ይለወጣል፤ ከአንጀት አልፎ በደም የሚዞር ነገር የማይደርስበት አካል ጥቂት ነውና።

በ2024 መጋቢት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣው የጣልያኖች ጥናት እኔ ካነበብኩት ሁሉ ክብደት የምሰጠው ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው የአንገት ደም ቧንቧ በስብ ክምችት ጠብቦባቸው በቀዶ ሕክምና የተጠረገላቸውን 257 ሰዎች ለሦስት ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ከወጣው ክምችት ውስጥ በ150ዎቹ ላይ ፖሊኢታይሊን፣ ማለትም የፌስታሉ ፕላስቲክ፣ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች በልብ ድካም፣ በስትሮክ ወይም በሞት የመጠቃታቸው ዕድል ካልተገኘባቸው ሰዎች አራት ተኩል እጥፍ ያህል ሆነ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም ብለዋል። ፕላስቲክ የበዛበት ሰው ሌላም የበዛበት ነገር ሊኖር ይችላል፤ አኗኗሩ፣ ሰፈሩ፣ የሚተነፍሰው አየር። ያም ሆኖ አራት ተኩል እጥፍ የሚለው ቁጥር ትከሻ ነቅንቆ የሚታለፍ አይደለም።

ቀጥሎ በ2025 መጀመሪያ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እና በ2024 የሞቱ ሰዎችን አንጎል አነጻጽረው በስምንት ዓመት ውስጥ የፕላስቲኩ መጠን በግማሽ ያህል ጨምሮ አገኘነው አሉ። ጋዜጦች “አንጎላችን ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ማንኪያ አለ” ብለው አወጡት። የባንክ ካርዷ እህት ተወለደች!

የመለካቱ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በጥቅሉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ብናኙን አንድ በአንድ በብርሃን መርምሮ ማንነቱን ማወቅ ነው፤ አስተማማኝ ነው፣ ነገር ግን በጣም የደቀቁትን አያይም። ሁለተኛው ናሙናውን ያለ ኦክስጅን በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ በሚወጣው ጋዝ ምን እንደነበር መለየት ነው፤ ጭስ አሽትቶ የተቃጠለው ወይራ ነው ወይስ ጥድ ብሎ እንደማወቅ ያለ ነገር ነው። ችግሩ ፖሊኢታይሊን ሲቃጠል የሚሰጠውን ጋዝ የሰውነታችን ስብም ሲቃጠል የሚሰጠው መሆኑ ነው። የአንጎል ደረቅ ክብደት ደግሞ ከግማሽ በላይ ስብ ነው። ስቡ አስቀድሞ በደንብ ካልተወገደ ሚዛኑ ላይ የወጣው ፕላስቲክ ይሁን የገዛ አንጎላችን መለየት ያስቸግራል። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን ትችት በይፋ አቅርበዋል፤ በእኔ አስተያየትም ትችቱ ክብደት አለው።

ሌላም አለ። የላቦራቶሪው ጓንት ፕላስቲክ ነው፣ የናሙናው ዕቃ ፕላስቲክ ነው፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በፕላስቲክ የተሞላ ነው፣ የአጥኚው ሹራብ ፖሊስተር ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ አጥኚ ከናሙናው ጎን ለጎን ባዶ ናሙና፣ ማለትም ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ውሃ፣ በዚያው መንገድ አሳልፎ ይለካል። ባዶው ውስጥ የተገኘው ከዋናው ላይ ይቀነሳል። ይህንን በዝርዝር የማይነግረኝን ጥናት ርዕሱ ምንም ያህል ቢያስደነግጥ ወደ ጎን አስቀምጠዋለሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው “እንግዲያው ልኬቱ እስኪጠራ እንጠብቅ” ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ለማስረዳት የእርሳስን፣ ያንን ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል የነበረውን ብረት፣ ታሪክ ላንሳ። ክሌር ፓተርሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት የመሬትን ዕድሜ ከድንጋይ ውስጥ ባለ እርሳስ ለማስላት ሲሞክሩ ልኬታቸው አልረጋ አላቸው። ለካስ እርሳሱ ከአየሩ፣ ከልብሳቸውና ከጸጉራቸው ይራገፍ ነበር። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም እጅግ ንጹሕ የሆነ ላቦራቶሪ ሠርተው በ1956 የመሬትን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብለው አወጡ። ከዚያም ያስቸገራቸው ብክለት ራሱ ጥናታቸው ሆነ። በ1965 ባሳተሙት ጽሑፍ በአሜሪካውያን ሰውነት ውስጥ ያለው እርሳስ ከተፈጥሮው መጠን መቶ እጥፍ ያህል መድረሱን አሳዩ። የኢንዱስትሪው ሰዎች ሮበርት ኪሆ በተባሉ ሐኪማቸው አማካይነት ለአሥርት ዓመታት “ጉዳቱን አረጋግጡና እናቆማለን” ሲሉ ኖረው ነበር። ፓተርሰን የረቱት በንጹሕ ሚዛን ነው። እርሳሱ ከቤንዚን መውጣት ከጀመረ በኋላ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990 አካባቢ በአሜሪካውያን ደም ውስጥ ያለው መጠን ከሦስት አራተኛ በላይ ቀነሰ። ከሰሃራ በታች ያሉ ሀገሮች እስከ 2006 መጀመሪያ፣ የዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 ተሰናበተችው።

እርሳስና ፕላስቲክ አንድ ናቸው አላልኩም። የእርሳስ መርዝነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ በሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ ነፍስ ያድናል። ከታሪኩ የምወስደው ግን ንጹሕ ልኬት የተጠራጣሪው ብቻ ሳይሆን የሕዝብም መሣሪያ መሆኑንና፣ “ጉዳቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ” የሚለው ሸክም በሚበክለው ላይ ሳይሆን በሚበከለው ላይ ሲጫን የሚያልፈው የሰው ዕድሜ መሆኑን ነው።

ክርክሩ ብዙም ያልነካው አንድ ነገር አለ፤ ሙቀት። በዱብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2020 የሕፃናትን የፖሊፕሮፒሊን ጡጦ ሲፈትሹ፣ የውሃው ሙቀት ከ25 ወደ 95 ዲግሪ ሲወጣ በአንድ ሊትር የሚራገፈው ብናኝ ከ600 ሺህ ወደ 55 ሚሊዮን ተመነጠቀ። ልዩነቱ ዘጠና እጥፍ ገደማ ነው። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። እንግዲህ የእኛን ቤት አስቡት። ባዶው የእርጎ ዕቃ አይጣልም፤ ወጥ ይሞላበታል፣ በረዶ ቤት ይገባል፣ ከዚያ እንዳለ ማይክሮዌቭ ውስጥ ይገባል። በየአዳራሹ የሚፈላ ሻይ በፎም ኩባያ ይቀዳል። ትኩስ እንጀራ ገና እንፋሎቱ ሳይወጣ በላስቲክ ይጠቀለላል። እኔ በቤቴ ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህችን አንዲት ነገር ለውጫለሁ፤ ትኩስ ነገር ፕላስቲክ አይነካም። ባለቤቴ መጀመሪያ እንደ አዲስ ጾም ቆጥራው ነበር፤ የብርጭቆ ዕቃዎቹ ወጥ ሲቀመጥባቸው እንደማይቀሉ ካየች በኋላ ግን ከእኔ ብሳለች።

ውሃን በተመለከተ፣ የታሸገው ይሻላል የሚለው እምነት መሠረት የለውም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 በአንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ በአማካይ 240 ሺህ ያህል ብናኝ የቆጠሩ ሲሆን 90 በመቶው ናኖፕላስቲክ ነበር። በዚያው ዓመት ከቻይና ጓንግዡ የወጣው ጥናት ደግሞ ደስ ያሰኘኛል። ካልሲየም የበዛበትን የቧንቧ ውሃ አፍልቶ ማጥለል ከብናኙ እስከ 90 በመቶ ያስወግዳል። ሲፈላ የሚረጋው ነጭ ኖራ ብናኙን ይዞት ይወርዳል። የመቀሌን ውሃ የሚያውቅ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ያንን ነጭ ነገር ሲረግመው ኖሯል፤ ለካስ ሥራ ነበረው። ለስላሳ ውሃ ላይ ግን ጥቅሙ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። የታሸገ ውሃ መጠጣት ግዴታ በሆነባቸው ቦታዎች ለሚኖሩ ወገኖች፣ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይና መኪና ውስጥ አለማቆየት ቢያንስ ከሙቀቱ ያድናል።

ወደ ሀገር ቤት ስንመለስ ነገሩ በፈረንጅ አገር እንዳለው ቀላል አይደለም። ልጅ ሳለሁ እናቴ ገበያ የምትወጣው ዘንቢል ይዛ ነበር፤ የዘንቢሉን መጥፋት ሳስብ እቆጫለሁ። በእንስራው ግን አልቆጭም። ባዶው እንስራ ራሱ ሸክም ነበር፤ ስንት እናትና ስንት ልጃገረድ ወገቧ ጎብጦበታል፣ ዳገት ላይ ሲሰበር ደግሞ የቀኑ ውሃ አብሮ ይፈስሳል። ዘይት የመጣበት ቢጫ ጀሪካን ያንን ሸክም አቅልሏል። ቨርጂኒያ ተቀምጦ “ፕላስቲክ ይጥፋ” የሚል ሰው ያቺ ሴት ነገ ውሃዋን በምን እንደምትቀዳ ሊነግረን ይገባል።

ፌስታሉ ሌላ ነው። ለአሥር ደቂቃ ተይዞ ለዘመናት ይጣላል። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር የሆነውን ስስ ፌስታል ከከለከለ ቆይቷል፤ ውፍረት ግን መፈርፈርን አያስቀርም፣ ፌስታሉም አልጠፋም። ሩዋንዳ በ2008 ሙሉ በሙሉ ከልክላ ሠርታበታለች። የእኛም ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል። በዓለም ደረጃ ግን በነሐሴ 2025 በጄኔቫ የተደረገው የፕላስቲክ ስምምነት ድርድር ያለ ውጤት ተበትኗል፤ ነዳጅ አምራቾቹ በምርቱ ላይ ገደብ እንዲቀመጥ አልፈለጉም።

የዝዋይን ሐይቅ በተመለከተ አንድ ልኬት በእጃችን አለ። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የመሩትና በዚያው በዋገኒንገን የተሠራ ጥናት በ2020 እንዳሳየው ከተመረመሩት ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ዓሣው ሲበለት ሆድ ዕቃው ስለሚጣል ይህ ሁሉ በቀጥታ ገበታ ላይ ይቀርባል ማለት አይደለም። በሐይቁ ዳርቻና ደለል ውስጥ የተቀበረው ፌስታል ግን አዋጁ ከነገ ጀምሮ በትክክል ቢሠራበት እንኳ ለብዙ አሥርት ዓመታት እየተፈረፈረ ወደ ውሃው ይገባል። ያንን ብናኝ በየዓመቱ፣ ከነባዶ ናሙናው፣ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። በየላቦራቶሪው የኢንፍራሬድ መሣሪያ ላይ የተቀመጣችሁ ኬሚስቶች ከመካከላችን ጥቂት አይደላችሁም።